ጅረቱ ጠርቶ ሳለ የሳተላይቱ ምስል ድፍርስ ነው ሲል

ጥያቄዎ እንዲህ የሚል ነው፦ ወርዱ 15 ሜትር ገደማ የሆነውን ጅረት ሴንቲኔል-2 በተባለው ሳተላይት ምስሎች ይከታተላሉ፤ ዝናብ በሌለበት ወቅት በእጅ መለኪያ ሲለኩት ውኃው የጠራ ሆኖ ሳለ ከሌላ ሰው በተረከቡት ስክሪፕት (ስሌቱን በሚሠራው የኮምፒውተር ትእዛዝ) ከባንድ 8 የተሰላው ድፍርስነት ግን ከፍ ብሎ ይወጣል (ባንድ ማለት ሳተላይቱ ለይቶ የሚመዘግበው የብርሃን ክልል ነው፤ ባንድ 8 ቅርብ ኢንፍራሬድን፣ ማለትም ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ዐይን የማያየውን ብርሃን ይለካል)፤ የ740 እና የ783 ናኖሜትር ባንዶችም አብረው ይጨምራሉ። ይህን የመጨረሻውን ምልክት እንዳነበብሁ ጥርጣሬዬ በቀጥታ በዳርቻው ቅጠል ላይ ዐረፈ። በውኃው ላይ ያለ አልጌ ቢሆን ኖሮ ነጸብራቁ በ705 ናኖሜትር አካባቢ ብቅ ብሎ በ740 ይወርድ ነበር።

በባንድ 8 አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) 10 በ10 ሜትር ሲሆን በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደየስፋቱ ቀላቅሎ በአንድ ቁጥር ይመዘግባል። የጠራ ውኃ ቅርብ ኢንፍራሬድን ስለሚውጥ ነጸብራቁ 0.02፣ የለምለም ቅጠል ደግሞ 0.40 ነው እንበል። ከፒክስሉ ሩቡ ብቻ ቅጠል ቢሆን ከውኃው 0.015፣ ከቅጠሉ 0.10 ይመጣና ድምሩ 0.115 ይሆናል፤ ይህም ከውኃው ነጸብራቅ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ቀመሩ ስለ ቅጠል የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ጭማሪውን በሙሉ ደለል ብሎ ይተረጉመዋል። የፒክስሎቹ መስመርም የጅረቱን ዳር ተከትሎ ስለማይሄድ፣ በ15 ሜትር ወርድ ውስጥ አንድ ንጹሕ ፒክስል ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው።

ከእርስዎ በፊት የሠራው ሰው ፒክስላቸው 20 ሜትር የሆኑትን ባንዶች (740 እና 783ን) ወደ 10 ሜትር ከፋፍሎ «ጥራቱ ተሻሽሏል» ብሎ ማስረከቡ በእውነት ያሳዝናል፤ ፒክስል ቢከፋፈል አዲስ መረጃ አይወልድም። ስክሪፕቱም የቆየ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ወዲህ የተዘጋጁ ምስሎች 1000 ተጨምሮባቸው ስለሚመጡ፣ ከጥሬው ቁጥር 1000 መቀነሱን ያረጋግጡ።

ክትትሉን ጅረቱ 40 ሜትርና ከዚያ በላይ ወደሚሰፋበት፣ ወለሉም ወደማይታይበት ጥልቅ ስፍራ ይውሰዱት። ውኃው እጅግ በጎደለበት ቀን ምስል ላይ ክልሉን አስምረው ከሁለቱም ዳር አንድ አንድ ፒክስል ይተዉ፤ ያንኑ ክልል ለሁሉም ቀን ይጠቀሙ። ኢንፍራሬዱ ከፍ ያለበትን ፒክስል በየቀኑ እየለዩ መጣል ግን ስሕተት ነው፤ ጎርፍ የሚያመጣው ደለልም ኢንፍራሬዱን ከፍ ስለሚያደርግ የሚፈልጉትን መረጃ ራሱን ይጥሉታል። እንዲህ ያለ ሰፊ ስፍራ ከሌለ ሳተላይቱን ትተው በእጅ መለኪያው ብቻ ይሥሩ። በውኃው ውስጥ ተተክሎ የሚቆይ መለኪያ የሚገዙ ከሆነም የብርሃን መስኮቱን የሚጠርግ ብሩሽ የሌለውን ርካሽ ዕቃ አይግዙ፤ መስኮቱ አረንጓዴ ለብሶ የሐሰት ንባብ ይሰጥዎታል።

ለማነጻጸሪያ የሚሆነውን ናሙና ሳተላይቱ በሚያልፍበት ረፋድ፣ 4፡30 ገደማ ይውሰዱ። ጅረቱ በሞላ ጊዜ ግን ፈጽሞ ወደ ውኃው አይግቡ፤ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውኃ ሰው ይጥላል። ከድልድይ ላይ ሆነው በገመድ የታሰረ ባልዲ ያውርዱ፣ ብቻዎንም አይሂዱ። ድፍርሱ ቀን ለስሌቱ እጅግ የሚፈለግ በመሆኑ ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚያን ዕለት ነውና ደግሜ እላለሁ፦ ድልድይ ከሌለ የዚያን ቀን ናሙና ይቅር፣ ወደ ሞላ ጅረት አይግቡ።