ብሎኬቱን ስንት ጊዜ አነሣነው?

ሰላም ለእናንተ፣ ገና ሳይት መውጣት ለጀመራችሁ ወጣት መሐንዲሶችና ፎርማኖች።

ከ30 ዓመት በላይ በግንባታ ሥራ ቆይቻለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ አንድ መኪና ብሎኬት ግን ከልቤ አልወጣም። አዲስ አበባ ውስጥ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ እየሠራን ነበር። ግቢው በአሸዋ ስለተሞላ ብሎኬቱን በር ላይ አራገፍነው። መንገድ ዘጋችሁ ሲሉን በማግሥቱ ወደ ውስጥ አስገባነው። ያስቀመጥንበት ቦታ ደግሞ ለሴፕቲክ ታንክ የሚቆፈር ሆኖ ተገኘና እንደገና አነሣነው። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ አወጣነው። እዚያም የልስን ሠራተኞቹ ክፍሉን ፈለጉትና ወደ ኮሪደር ተገፋ። ግንበኛው እጅ እስኪገባ ድረስ ስንት ሰው እንደተሸከመው አስቡት። ባነሣነው ቁጥር ለቀን ሠራተኛ ከፍለናል። ባነሣነው ቁጥር የተሰበረ አለ።

ማንም አልሰነፈም። ሁሉም ላቡ ጠብ እስኪል ነው የሠራው። እስካሁን የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ያ ሁሉ ድካም ሕንፃውን አንድ ጣት ከፍ አላደረገውም።

ቶዮታ ውስጥ ታይቺ ኦኖ የሚባል መሐንዲስ እንዲህ ያለውን ድካም ብክነት ብሎ በሰባት ከፈለው። መጠበቅ፣ ዕቃ ማመላለስ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ማከማቸት፣ የተበላሸውን መልሶ መሥራት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሳይት የዋለ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ይህን ብክነት የመቀነሱ ሃሳብ ኋላ ላይ ሊን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ፊንላንዳዊው ተመራማሪ ላውሪ ኮስኬላ ግንባታም በዚህ ዓይን ሊታይ እንደሚገባ ጻፈ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃዌል የሚባሉ የግንባታ ተመራማሪዎች የሳይቶችን ሳምንታዊ ዕቅድ ሲፈትሹ፣ አልቆ የሚገኘው ከታቀደው ሥራ ግማሹን እምብዛም የማያልፍ ሆኖ አገኙት።

በእኛም አገር ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ በ30 ያህል ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2011 የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ ሰው ግን ካይዘን ሲባል መጋዘን ማጽዳትና መደርደሪያ ላይ ስም መለጠፍ ይመስለዋል። ማጽዳቱ ጥሩ ነው። የእኛ ሳይት ትልቁ በሽታ ግን መጠበቅ ነው። ፌሮ ሠራተኛው አናጢውን ይጠብቃል፣ አናጢው ጣውላ ይጠብቃል፣ ሁላችንም ፊርማ እንጠብቃለን።

ባላርድና ሃዌል ያመጡት ዘዴ ቀላል ነው። የሳምንቱን ዕቅድ የሚያወጣው ሥራውን ራሱ የሚያሠራው ሰው ነው፤ ማለትም ፎርማኑ። ቅዳሜ ከፎርማኖቹ ጋር ቁጭ በሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ ጠይቁ፦ ዕቃው ገብቷል? ድሮዊንጉ ጸድቋል? ከፊቱ ያለው ሥራ አልቋል? ሰው አለ? አንዱ ከጎደለ ያ ሥራ ለሳምንቱ አይያዝ፤ የጎደለውን ማሟላት የእናንተ የመሐንዲሶቹ ሥራ ይሁን። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ቁጠሩ። ከ10 ሥራ 6 ካለቀ 60 በመቶ ነው። "90 በመቶ ደርሷል" የሚባለው ሥራ እንዳላለቀ ይቆጠር፤ ቀጣዩ ባለሙያ ሊገባበት አይችልምና። ያላለቀውን "ማን አጠፋ?" ሳይሆን "ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከባዱ ሌላ ነው። ፎርማን መሐንዲስ ፊት "አይደርስም" ማለት ይከብደዋል። ያከብራችኋል፣ እንጀራውም በእናንተ እጅ ነው። ስለዚህ እንደማይደርስ እያወቀ "እሺ፣ ይደርሳል" ይላል። እኔም ወጣት ሳለሁ "እሺ" የሚለኝን ፎርማን እወድ ነበር። ተሳስቼ ነበር። እውነቱን የሚነግራችሁን ሰው አትቆጡት፤ በሰው ፊት አመስግኑት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃ ልክ በሚፈለግበት ሰዓት ይምጣ የሚለውን የጃፓን ልማድ እንዳለ አትቅዱት። ሲሚንቶ በሚጠፋበት ገበያ ባዶ መጋዘን ይዞ መቀመጥ አያዋጣም። ሲሚንቶ ያዙ፣ ግን ከወለል ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ብሎኬት ግን ግንበኛው ሳይደርስ አታምጡ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ሳይት የቅዳሜውን ስብሰባ ስንጀምር፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ፎርማን ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አሉ። በአራተኛው የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ለሰኞ ተያዘ። "አይደርስም፤ ቧንቧው በግፊት አልተፈተሸም" አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። አመሰገንኳቸውና ሥራውን ከዕቅዱ አወጣነው። ረቡዕ ሲፈተሽ ሁለት ቦታ አፈሰሰ። ሐሙስ ተጠገነ። ሴራሚኩ ዓርብ መነጠፍ ጀመረ፤ አንድም ሳይሰበር አለቀ።