የበሩ ቀለም፣ የአከራይዋ መልስና ሌሎች ጥያቄዎች

ባለፈው ጽሑፌ አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር እንደሚችል ጣል አድርጌ ማለፌ ነው ጉድ ያፈላው። ደብዳቤው በዛ። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጅሙን አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጸሐፊው መምህር ነው። ከባለቤቱና ከሁለት ዓመት ልጁ ጋር አሮጌ ቤት ተከራይቷል። የበሩና የመስኮቱ አረንጓዴ የዘይት ቀለም እየተላጠ ይረግፋል። ልጁ የሚጫወተው ደግሞ መስኮቱ ሥር ነው። አከራይዋን ቢያነጋግራቸው «እኔ እዚሁ ቤት ነው ያደግሁት፣ ምን ሆንኩ? ካስጠላህ ራስህ ቀባው» አሉት። ግዴታው የማን ነው?

መልስ፦ እትዬን ላስቀይም ነው፤ የእሳቸው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን በደህና ሁኔታ አስረክቦ፣ በኪራዩ ጊዜም በዚያው ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጥቃቅን ጥገና ተከራይ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ውልህን አንብብ። የስንት ዓመት ቀለም አርጅቶ መርገፉ ግን አንተ ያደረስከው ጉዳት አይደለም።

«ምን ሆንኩ?» ላሉት፦ እርሳስ እንደ ወባ አልጋ ላይ አይጥልም። የልጅን አእምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጎዳው። ትምህርት መቀበል ይከብደዋል፣ ትኩረቱ ይበተናል፤ ሰውም «ልጁ ሰነፍ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ትንሽ ልጅ ወደ አፉ ከገባው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው። በርና መስኮት ደግሞ ከግድግዳ ይብሳሉ። በተከፈቱና በተዘጉ ቁጥር እየተፋተጉ አቧራ ያወጣሉ። አቧራው ወለል ላይ ያርፋል፣ የልጁ እጅ ወለሉ ላይ ነው፣ እጁ አፉ ውስጥ ነው።

እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነገር ነው። አገራችን ጥሩ ሕግ አላት። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መሠረት ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም። ግን ይህ የሚመለከተው የሚመረተውን፣ የሚገባውንና የሚሸጠውን ቀለም ነው። ድሮ የተቀባው በር ጋ አይደርስም። አሮጌ ቤት የሚያከራይ ሰው ቀለሙን ያስመርምር ብሎ በር የሚያንኳኳ የለም። ስለዚህ ያለህ መሣሪያ ውልህ ነው። ውላችሁ የቃል ከሆነ (እንደሚሆን እገምታለሁ) በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ እናንተ ከተማ ላይ ይሠራ እንደሆነ አስተዳደሩን ጠይቅ። «የሚረግፈውን የበርና የመስኮት ቀለም አከራይ ያስጠግናል» የሚል አንድ መስመር ይግባበት። ጥያቄህን ጽፈህ ስጣቸው፣ ፎቶ አንሳ፣ ቅጂ አስቀር። አንድ ግቢ እየኖራችሁ ክስ ቡና ያጣላል፤ መጀመሪያ የሚሰሙት ሰው ያናግራቸው። ወጪውን ለመጋራት ፈቃደኛ ብትሆንም አልፈርድብህም። በገዛ እጅህ ከኪራይ ላይ መቀነስ ግን አትሞክር፤ ያን ከማሰብህ በፊት ጠበቃ ጠይቅ።

እስከዚያው የልጁን መጫወቻ ከመስኮቱ አርቅ። ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ያነሳዋል እንጂ አያጠፋውም። ከምግብ በፊት እጁን አስታጥቡት።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ በኖራ የተቀባ። እንስጋ?

መልስ፦ ለኖራው አይስጉ። በሩን ይዩ።

ጥያቄ (ቀለም ቀቢ ነኝ የሚል)፦ ከሥራ በኋላ ወተት መጠጣት እርሳሱን ያጥባል አይደል?

መልስ፦ አያጥብም። ወተቱን ጠጣ፣ ግን መጀመሪያ ልብስህን ቀይር፣ እጅና ፊትህን ታጠብ፣ ከዚያ ልጆችህን እቀፍ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ አከራይ)፦ ሦስት ክፍል ያከራያሉ። ሊያሳድሱ ሲነሱ ቀቢው «በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ እምቢ ያለውን በእሳት ለብልቤ አነሳዋለሁ» አላቸው። ይፍቀዱለት?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ ጠይቀው መጀመርዎ። አይፍቀዱለት! ደረቅ ፍቀት ቤቱን በሙሉ በእርሳስ አቧራ ይሞላዋል፣ እሳቱ ደግሞ ጢሱን ያስተነፍሳል። እርሳስ መኖሩ በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ አሮጌ የዘይት ቀለም ሁሉ አለበት ብለው ይነሱ። ቢጫና ቀዩን፣ ብረት ላይ የሚቀባውን ቀይ የዝገት መከላከያም አይርሱ። ያልተላጠውን አይንኩት፣ ላዩ ላይ መቀባት ይበቃል። የተላጠው በውሃ ርሶ ነው መነሳት ያለበት። ሥሩ ላስቲክ ይነጠፍ፣ ዕቃና ምግብ ይውጣ። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ሥራው አልቆ ቤቱ በእርጥብ እስኪጠረግ ሌላ ቦታ ይቆዩ። ፍርፋሪው በከረጢት ይታሰር። በሩን ነቅለው በአዲስ ከተኩት ደግሞ አሮጌው ሳንቃ ለማገዶ አይዋል። በዚያ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ስንት እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አሜሪካ ያለች እህቷ ቤት ስትከራይ ስለ እርሳስ ቀለም ወረቀት አስፈረሟት። ቤቱ አደገኛ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። እዚያ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን የእርሳስ ቀለም የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው የሚያውቀውን መንገርና የማስጠንቀቂያ መጽሔት መስጠት አለበት። ይህ የፌዴራል ሕግ «አስመርምር» ወይም «አንሳ» አይልም፤ ከዚያ አልፈው የሚያስገድዱ ክፍለ ግዛቶች ግን አሉ። ወረቀቱን ሳታነብ ፈርማ ከሆነ ዛሬ ታንብበው።

ጥያቄ (የደጀን እናት)፦ የሦስት ዓመት ልጇ የተላጠ ቀለም እያነሳ ይበላል፣ አፈርም ይበላል። ሆዱን ያመዋል፣ ምግብም ዘግቶታል። ምን ቅጠል ይሻለዋል?

መልስ፦ ምንም ቅጠል። እህቴ፣ ይህን እንዳነበብሽ ሐኪም ጋ ውሰጂው። «ቀለም ይበላል» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ፤ ካልነገርሽው ሐኪሙ የሆድ ትል ብሎ ሊመልስሽ ይችላል። እርሳስ በደም ምርመራ ነው የሚታወቀው። ጤና ጣቢያው ከሌለው ወደ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፍልሽ አጥብቀሽ ጠይቂ። አፈር መብላቱ የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል እሱም ይታይ። ካስመለሰው፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ሚስቴ ሳሎኑ ሮዝ ይሁን ትላለች፣ እኔ ነጭ። ማን ይርታ?

መልስ፦ ሮዝ።