በግ ጠባቂ ውሻ ስለማሳደግ፦ ከመንዜው መምህሬ የተማርኩት

ደብረ ብርሃን አካባቢ በሠላሳ በጎች እርባታ እንደጀመሩ፣ በሁለት ወር ውስጥም ተኩላ ሦስት ግልገሎች እንደወሰደብዎት ገልጸው፣ «ከውጭ የሚመጣውን በግ ነጂ ውሻ ልግዛ ወይስ ያገራችንን ውሻ ማሠልጠን ይቻላል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ያገሩን ውሻ ያሳድጉ ባይ ነኝ። ይህን የምለውም ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉ አንድ የመንዝ አዛውንት ለስምንት ዓመት ካስተማሩኝ ተነሥቼ ነው፤ አባባ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፣ እዚህም እንዲሁ ልጥራቸው።

አስቀድሞ የነጂና የጠባቂ ውሻ ሥራ ለየቅል መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ የተገኘው ቦርደር ኮሊ ዘሩ የተመረጠው በሰፊ ተራራ ላይ የተበተነ መንጋን ዞሮ ሰብስቦ ወደ እረኛው እንዲያመጣ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን በበጎቹ ላይ ተክሎ፣ እያደባ ይነዳቸዋል፤ ይህ የአደን ጠባይ ሲሆን ሰው በብዙ ትውልድ ምርጫ ንክሻውን አስቀርቶ ማድባቱንና ማባረሩን አቆይቶለታል። ጠባቂው ግን ሥራው ከበጎቹ ጋር መዋልና ማደር ነው። በእኛ ደጋ መንጋው ትንሽ ስለሆነ አንድ ልጅ በፉጨትና በጠጠር ይመልሰዋል፤ ስለዚህ እርስዎ የጎደለዎት ነጂ አይደለም። ደግሞም ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ የሆነን ኮሊ ከ50 ኪሎ በላይ ከሚመዝን ጅብ ፊት ማቆም በውሻውም በገንዘብዎም ላይ መፍረድ ነው።

አባባ ቡችላ እንዲሰጡኝ ስለምናቸው መልስ ሳይሰጡኝ ጉረኖዬን ሊያዩ መጡ። አጥሩን በዱላቸው እየነካኩ ከዞሩ በኋላ፣ በአንዱ ጥግ በጉልበት ቁመት ርብራብ እንድሠራ አዘዙኝና ሄዱ። ቡችላውን ያመጡት ርብራቡ ካለቀ በኋላ፣ በስምንተኛ ሳምንቱ ነበር። ለባና ከተሸለተው የበግ ጸጉር ያልታጠበውን ቀንሰው አነጠፉለት፤ ምግቡን ከጓዳ ሳይሆን እዚያው እንድሰጠው፣ ልጆቼም እያቀፉ እንዳያጫውቱት አስጠነቀቁ። በጎቹ በርብራቡ አፍንጫቸውን እያስገቡ ያሸቱት ነበር፣ እሱም አፋቸውን ይልሳቸው ነበር። ቡችላ ወገኑን የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የተገዛን ውሻ ከበግ ጋር ማዋደድ እጅግ ይከብዳል። ናሚቢያ ውስጥ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለአርቢዎች የሚሰጠው፣ ዘሩ ከቱርክ የሆነው የአናቶሊያ ጠባቂ ውሻም የሚያድገው በዚሁ መንገድ፣ ከመንጋው ጋር ነው።

ቡችላዬ ስድስት ወር ሲሞላው ግልገል ማባረር ጀመረ። ድንጋይ ሳነሣ አባባ እጄን ያዙኝ። ከአንገቱ በገመድ አጭር ዱላ አንጠለጠሉለት፤ ሲራመድ ምንም አትለውም፣ ሲሮጥ ግን ጉልበቱን ትመታዋለች። ሌሊት ደግሞ አንዲት ቁጡ እናት በግ አብራው እንድታድር አደረጉ፣ እሷም ሁለት ጊዜ በግንባሯ ገጭታ ከግድግዳ ጋር አጣበቀችው። በወሩ ገደማ ጠባዩን ተወ።

አባባ ቡችላ ሲመርጡ የሚያዩት እናቱን ነበር፤ ከበጎች ጋር የማታድር ውሻ የወለደችውን አይወስዱም። አውራ በግንም እንዲሁ ከእናቱ ጀምረው ነበር የሚመርጡት። (ጎረቤቶቻቸው ቶሎ ያደገውን ጠቦት ለፋሲካ ሲሸጡ እሳቸው ለዘር ያስቀሩ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሲጀመር ጥሩውን ጠቦት ለዘር አስቀሩ የሚለው ምክር አዲስ አልሆነባቸውም።)

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገርዎት። አንድ ጊዜ የሞተች በግ ጭንቅላት ለውሻዬ ጣልኩለት። ከወራት በኋላ አንዲት ቄብ በግ አንገቷን አጣማ በአንድ ቦታ ትዞር ጀመር፤ አዙሪት ነበር። አባባ አውራ ጣታቸውን በጭንቅላቷ ላይ ሲጫኑ አጥንቱ አንድ ቦታ ላይ እንደ እርጥብ ቆዳ ረገበ። ካረዷት በኋላ አንጎሏን ከፍተው የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረና በውስጡ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ከረጢት አሳዩኝ። እነዚያ ነጠብጣቦች የኮሶ ትል ራሶች ናቸው፤ ውሻ ጥሬ ጭንቅላት ሲበላ በአንጀቱ ያድጋሉ፣ እንቁላላቸውም ከዓይነ ምድሩ ጋር በግጦሹ ላይ ይበተንና በጎቹ ይበሉታል። አባባ አልተቆጡኝም፤ አካፋ አቀበሉኝና ጉድጓዱን በጥልቀት አስቆፈሩኝ። እርስዎም የበግ ጭንቅላትና የሆድ ዕቃ ጥሬውን ለውሻ አይስጡ፤ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። ውሻውንም ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋግረው በየስድስት ሳምንቱ ገደማ የኮሶ ትል ማጥፊያውን የፕራዚኳንተል ኪኒን ይስጡት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም እንዳይዘነጋ። ጓሳ የተባለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ያለው እዚሁ መንዝ ውስጥ ነው፤ በዓለም ላይ ከ500 ገደማ የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከፊሎቹ እዚያ ይኖራሉ፣ በሽታውም የሚደርሳቸው ከእኛ ውሾች ነው። አባባ ቀይ ቀበሮን «አይጥ ለቃሚ» ይሏት ነበር፣ በተኩላ ጥፋት እንድትገደልም አይፈቅዱም ነበር።

ከዚያ ውሻ ዘር የሆነችው ውሻዬ በጥቅምት ትወልዳለች ብዬ እጠብቃለሁ። ቡችላ ከፈለጉ ይጻፉልኝ፤ አስቀድሜ ግን መጥቼ ጉረኖዎን ልየው።