«ገና ሳላውቅ እንዴት ልመስክር?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ካመንኩ ገና ስድስት ወሬ ነው። በቃሌ የያዝኩት ጥቅስ እንኳ የለኝም። ለሰው መመስከር እችላለሁ?

ትችያለሽ። ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን አንብቢ። ከተወለደ ጀምሮ ዕውር የነበረው ሰው ዓይኑ ሲበራ ፈሪሳውያን አፋጠጡት፤ እሱ ግን የማያውቀውን አላውቅም አለ፣ የሚያውቀውን ደግሞ አልለቅም አለ፦ ዕውር ነበርኩ፣ አሁን አያለሁ። እኔን የሚገርመኝ ዓይኑ ከበራ ወዲህ ያለው ነው። መጀመሪያ ኢየሱስን «ያ ሰው» ይለዋል፣ ቀጥሎ «ነቢይ ነው» ይላል፣ መጨረሻ ላይ «ጌታ ሆይ፣ አምናለሁ» ብሎ ይሰግድለታል። እየመሰከረ ነው ያወቀው! አንቺም ያየሽውን ተናገሪ፣ ያላየሽውን አትጨምሪ። ንባቡን ግን አታቋርጪ።

ልጁን በሞት ያጣ ባልደረባዬ «አምላክህ ደግ ከሆነ ለምን?» አለኝ። አፌ ተያዘ። እምነቴን ያሰደብኩ መሰለኝ።

አላሰደብክም። እኔ አንድ ጊዜ ሐዘን ቤት ገብቼ አምስት ጥቅስ በተርታ የደረደርኩላት እናት ፊት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ዝም ብል ይሻላት ነበር። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ያጠፉት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፣ በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር ራሱ ተቆጥቷቸዋል። ኢየሱስም አልዓዛርን እንደሚያስነሳ እያወቀ መጀመሪያ አለቀሰ። ስለዚህ ተመልሰህ ሂድና «ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አዝኛለሁ» በለው። ስለ ልጁ እንዲያወራህ ጠይቀው፣ ስሙን ጥራለት።

ከዘፍጥረት ጀምሬ ዘሌዋውያን ላይ ሁሌ አቆማለሁ። ምን ይሻለኛል?

ከማርቆስ ጀምር። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ከዚያ ሉቃስና የሐዋርያት ሥራ፤ ጸሐፊው አንድ ስለሆነ ታሪኩ ይያያዝልሃል። ዘሌዋውያንን በኋላ፣ የዕብራውያንን መልእክት ካነበብክ ወዲያ ተመለስበት፤ ያኔ መሥዋዕቱና ካህኑ ትርጉም ይሰጡሃል።

ለተጨነቀ ሰው ሁሉ ኤርምያስ 29፥11ን እልካለሁ። አንድ ወዳጄ «ያለ ቦታው ነው የምትጠቅሺው» አለኝ። እውነቱን ነው?

በከፊል። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ቃል ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ከተላከ ደብዳቤ ነው። አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ብትመለሺ፣ 70 ዓመት ሲፈጸም ነው የምመልሳችሁ ይላል። አስቢው፣ ደብዳቤው ሲነበብ ካዳመጡት ትልልቆች ብዙዎቹ መመለሱን ሳያዩ የሚሞቱ ናቸው፤ ለእነሱም ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለምትኖሩበት ከተማ ሰላም ጸልዩ ተባሉ። ተስፋው እውነት ነው፣ ነገ ችግርሽ ያልቃል ማለት ግን አይደለም። ሥራ ላጣ ሰው ጥቅሱን ብቻ ስትልኪለት በወሩ ሥራ እንደሚያገኝ ሊመስለው ይችላል፣ ካላገኘ ደግሞ እግዚአብሔር የዋሸው ይመስለዋል። ምዕራፉን አብራችሁ አንብቡት።

ወንድሜ ስለ እምነት ባነሳሁ ቁጥር ፊቱን ያጠቁራል። ልተወው?

ንግግሩን ለጊዜው ተወው፣ ወንድምህን ግን አትተወው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ የሚለው ለሚጠይቋችሁ ነው፣ ያውም በየዋህነት። እሱ እስኪጠይቅህ ጸልይለት። ደውልለትና ስለ ራሱ ሕይወት ጠይቀው፣ ሳታቋርጠው አድምጠው።