የድሮ ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ከመበየዱ በፊት

ሰላም ለጠያቂያችን። ፒያሳ ከአያትዎ በወረሱት ቤት ጓሮ ያለው ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ሲወጡበት እንደሚወዛወዝ፣ ከሥሩ እንደዛገና ዘጠነኛው መርገጫ እንደተሰነጠቀ ጽፈዋል። የመጡት በያጅ «መርገጫዎቹን በሙሉ ከምሰሶው ጋር እንበይዳቸው፤ ካልሆነም አውርደን በቱቦላሬ አዲስ እንሥራ» እንዳሉዎትና የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። ለጊዜው ሁለቱንም እንዲያቆዩ እመክራለሁ። አራት ኪሎ በሚገኝ አንድ ፎቅ ቤታችን ጓሮ ተመሳሳይ ደረጃ አለን። ላለፉት 11 ዓመታት የምንከባከበው እኔ ነኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታትም መደረግ የሌለበትን ሁሉ አድርጌበታለሁ።

በቅድሚያ ደረጃው በምን እንደቆመ ይመልከቱ። እያንዳንዱ መርገጫ በውስጠኛው ጫፉ ቀለበት አለው፤ ቀለበቶቹም ጨሌ በክር እንደሚሰካ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ በመካከለኛው ምሰሶ ላይ ይገባሉ፣ ከላይም አንድ ትልቅ ዳዶ ሁሉንም ተጭኖ ይይዛቸዋል። በውጪ በኩል የመደገፊያው ዘንጎች አንዱን መርገጫ ከሚቀጥለው ጋር በቡሎን ያያይዙታል። ስለዚህ ደረጃው ሲወዛወዝ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የላላ የላይ ዳዶ፣ ዝገት የበላው ሮንዴላ (ከዳዶ ሥር የሚገባው ቀዳዳ ያለው ስስ ክብ ብረት) ወይም የወደቀ የዘንግ ቡሎን ነው። ሁሉንም በአንድነት መበየድ ይህን ጥፋት አያርመውም፤ በየመጋጠሚያው ሲበተን የነበረውን ጫና ወደ አንድ ደካማ ቦታ ይሰበስበዋል እንጂ።

ቀጥሎ ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይወቁ፤ ውሳኔው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ጌጥና ቅርጽ ያላቸው የድሮ መርገጫዎች ብዙ ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ናቸው፤ ካስት አይረን የምንለው፣ አንዳንድ አንጋፋ በያጆችም በጣሊያንኛው «ጊዛ» የሚሉት ነው። ከመርገጫው ሥር በማይታይ ቦታ በትንሽ መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ ይጀምሩ። የሚወጣው እንደ ሽቦ የተጠቀለለ ፍርፋሪ ከሆነ ተራ ብረት ነው፤ እንደ እርሳስ ዱቄት ጠቁሮ ጣት የሚያቆሽሽ ብናኝ ከሆነ ግን ካስት አይረን ነው። በግራይንደር ሲነኩትም ፍንጣሪው አጭርና ቀላ ያለ ነው፤ የተራው ብረት ፍንጣሪ ግን ረጅምና ደማቅ ነው።

እኔ ይህን ሳላጣራ ነበር በያጅ የጠራሁት። ሰውየው በተራው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) የተሰነጠቀውን መርገጫ አሳምሮ ሞላው፣ በግራይንደር አለሰለሰው፣ ሒሳቡንም ተቀብሎ ሄደ። ማታ ራት ላይ እያለን ከጓሮ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማን። ወጥቼ ሳየው ብየዳው እንዳለ ነው፤ ከብየዳው በስተቀኝ ግን ሌላ አዲስ፣ ከመጀመሪያው የረዘመ ስንጥቅ ተከፍቷል። ካስት አይረን በአንድ ቦታ ብቻ ግሎ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ስለዚህ መበየድ ግድ ከሆነ የኒኬል ኤሌክትሮድ ይፈለጋል፤ ክፍሉ አስቀድሞ በእሳት ይሞቃል፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ አይበየድም፣ እያንዳንዱም ብየዳ ገና ትኩስ ሳለ በትንሽ መዶሻ ቀስ ተብሎ ይቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም አመድ ውስጥ ተቀብሮ እንዲያድር ይደረጋል። ይህ ማለት መርገጫው ወርዶ መሠራት አለበት ማለት ነው፤ እዚያው ተሰቅሎ የተበየደ አላምንም።

የእርስዎ ስንጥቅ ቀለበቱ ጋ ካልደረሰ ያለ ብየዳ ይጠገናል። በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ የሚያቆመው ይህ ነው። ከዚያም ከሥር በኩል ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ተለክቶ ተቆርጦ በቡሎን ይታሰራል። ከላይ የሚረግጥ ሰው አያየውም። የእኔ በዚህ ሁኔታ እስከ አሁን አለ። ቀለበቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን መርገጫው መለወጥ ይኖርበታል፤ ጤነኛውን እንደ ቅርጽ ተጠቅሞ አዲስ ማስፈሰስ ይቻላል፣ ሆኖም ካስት አይረን ሲቀዘቅዝ አንድ በመቶ ያህል ስለሚኮማተር ቅርጹ በዚያው መጠን ካልገዘፈ ቀለበቱ በምሰሶው አልገባም ይላል። በአሉሚኒየም አስፈስሱ የሚሏችሁ አሉ፤ ርካሽ ነው፣ መርካቶ ድስት የሚያቀልጡት ሁሉ ይሠሩታል። ነገር ግን አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው ዝናብ ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላል፤ ጥንካሬውም የሰው ክብደት ለሚሸከም መርገጫ አያስተማምንም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማተኩርበት ወደ ምሰሶው ሥር ልምጣ። እኔ ሥሩ ሲዝግ አይቼ «ላጠንክረው» ብዬ ዙሪያውን በሲሚንቶ ቀበርኩት። ሁለት ክረምት አለፈና ሲሚንቶው ተሰነጠቀ። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ያቀፈውን ሲሚንቶ ቀርቶ ድንጋይም ይገፋል። ውኃው ከየት እንደሚመጣ የገባኝ በኋላ ነው፤ ምሰሶው ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ የላይኛው ክዳን ከጠፋ ስንት ዘመኑ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ዝናቡ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይወርድ ነበር። ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብዬ በስምንት ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ስበሳው የጀበና አተላ የመሰለ ጥቁር ውኃ እየተንጠባጠበ ግማሽ ባልዲ ሞላ። ስለዚህ ከላይ ክዳን ይግጠሙለት፣ ከሥር ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ይተዉለት፣ በዙሪያው ያለው ሲሚንቶም ከምሰሶው ወደ ውጪ ያዘነበለ ይሁን። ይህ ሳይሠራ የሚቀባ ቀለም ገንዘብ ማባከን ነው።

ቡሎኖቹን ሲፈቱ አይቸኩሉ። በመጀመሪያ እያንዳንዱን መርገጫ ከሥር በባሕር ዛፍ እንጨት ያስደግፉ፤ ሥራው እስኪያልቅም ማንም አይውጣበት። ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ቀላቅለው ለሁለትና ለሦስት ቀን ማታ ማታ ያንጠባጥቡባቸው። በመዶሻ መምታት ቡሎኑን ሳይሆን መርገጫውን ነው የሚሰብረው፤ እምቢ ያለውን ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። የድሮው ቡሎን ክሩ በኢንች ሊሆን ስለሚችል አንዱን ናሙና ይዘው ቶርኖ ቤት ይሂዱ፤ እንዲሁ ከሱቅ የተገዛ ሁለት ዙር ገብቶ ሲነክስ «ገጠመ» ብለው እንዳይታለሉ። የላዩን ዳዶ ሲያጠብቁም በሩብ ዙር እያረፉ ይሁን፤ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ መጎተት ቀለበት ይሰነጥቃል።

ስለ ቀለም ባጭሩ። አሮጌው ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት፤ እያረጠቡ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍነው፣ ልጆችን አርቀው ይሥሩ፣ ቅርፊቱንም በላስቲክ ይሰብስቡ። ጌጡን በሽቦ ብሩሽ እንጂ በግራይንደር ድንጋይ አይንኩት። ወሩ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ይሁንና የጠዋቱ ጤዛ ብረት ላይ ስለሚቆይ ከ4 ሰዓት በፊት መጀመር፣ ከ9 ሰዓት በኋላም መቀባት የለብዎትም። የጸዳ ብረት ራቁቱን ማደር ስለሌለበት በአንድ ቀን ፀረ ዝገት መቀባት የሚችሉትን ያህል ብቻ ያጽዱ። መጀመሪያ ጠርዞችንና የቡሎን ራሶችን፣ ቀጥሎ ሙሉውን ሁለት ጊዜ ፀረ ዝገት ይቀቡ። ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባ ቀለም) ከተጠቀሙ በላዩ ሌላ የማጠናቀቂያ ቀለም ያስፈልገዋል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የኛ ፀሐይ ኢፖክሲን ቶሎ ታነጣዋለች።

በቱቦላሬ ስለመተካት፦ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤት ሲፈርስ እንዲህ ያሉ ደረጃዎች በኪሎ ሲሸጡ አይቻለሁ፣ ዛሬ ተፈልገው አይገኙም። ቤትዎ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገና ሥራ ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህን በያጁ ሳይሆን እርስዎ ነዎት የሚጠየቁበት።

እኔ ግንቦት ላይና መስከረም ማብቂያ ላይ አንድ አንድ ቀን እሰጠዋለሁ፤ ማንጠባጠቢያውን በሽቦ እከፍታለሁ፣ ዳዶውን እፈትሻለሁ፣ የተላጠችውን ቦታ እነካካለሁ። የአበባ ማሰሮ መርገጫ ላይ እንዳይቀመጥም ከቤተሰቡ ጋር በየዓመቱ እጨቃጨቃለሁ።

በያጁ ከመመለሳቸው በፊት ያችን ትንሽ ቀዳዳ ጀምረው የወጣውን ብናኝ በነጭ ወረቀት ላይ፣ የዘጠነኛውን መርገጫ ቀለበት ደግሞ ከሥር በኩል ፎቶ አንሥተው እዚህ ይለጥፉልን፤ ስንጥቁ ቀለበቱን ነክቶ እንደሆነ ያኔ መናገር እችላለሁ።