ከቀለሙ በፊት ካንዴላው

ክረምት ደሴን ሲይዛት ሞተረኛ ቤት ይውላል። ቤት ሲውል ደግሞ ይጠይቃል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ ሞተር ናቸው፤ ከመጋዘን የወጣ፣ በሐራጅ የተገዛ፣ ከአያት የተወረሰ። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ሰባቱን መርጫለሁ። እኔም ግቢዬ ውስጥ አንዲት ያማሃ ዲቲ 125 አለችኝ። ሦስት ዓመት ፈጅታብኛለች። ባለቤቴ “ትንሿ ልጃችን” ትላታለች። እያሞገሰችኝ እንዳይመስላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከመሥሪያ ቤት ሐራጅ አሮጌ ያማሃ ዲቲ ገዛሁ። አምስት ዓመት መጋዘን ቆሞ ነበር። ቀይ ቀለም አስቀብቼ፣ ኤልኢዲ መብራት አስገብቼ ልነዳው አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? (ከሐይቅ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ። ቀለሙን ግን ለጊዜው እርሳው። እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ከግቢ የማይወጣ ስንት ሞተር አውቃለሁ መሰለህ! በዚያ ላይ ሞተሩ እንደገና መፈታቱ አይቀርም፤ አዲሱ ቀለም በመፍቻ ይፋቅና ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ።

መጀመሪያ ሊብሬውን አውጣ። መሪው አንገት አካባቢ ሻንሲው (የሞተሩ አጽም) ላይ የተመታውን ቁጥርና ሞተሩ ላይ ያለውን አመሳክር። ካልገጠሙ አንድም ቡሎን ሳትፈታ ወደ ሸጠልህ ቢሮ ተመለስ።

ቀጥሎ፣ እባክህ፣ መርገጫውን አትርገጠው። አምስት ዓመት የቆመ ፒስተን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ብረት) ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በጉልበት ከሄድክበት የሚሰበረው የመርገጫው ጥርስ ነው። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍታ። ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ቀላቅለህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል በቀዳዳው ጨምር። ሁለት ሦስት ቀን ተወው። ከዚያ ማርሽ አስገብተህ የኋላውን ጎማ በእጅህ ወዲያና ወዲህ አወዛውዘው። ካልተላቀቀ ድገመው። መቸኮል የለም። ሲላቀቅ ካንዴላው እንደወጣ ደጋግመህ አዙረህ ፈሳሹን አስወጣ። ፊትህን ግን ከቀዳዳው አርቅ፤ ይረጫል።

ስትፈታታ በየደረጃው በስልክህ ፎቶ አንሳ። ቡሎን ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ አይከተትም። እኔ የምጠቀመው የእንቁላል ትሪ ነበር። ሠላሳ ጉድጓድ አለው፤ በየጉድጓዱ አጠገብ “የካርቡራተር” (የቤንዚንና የአየር መቀላቀያው)፣ “የቴስታታ” (የሲሊንደሩ ክዳን) እያልኩ በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። በሐሳቤ ስኮራ ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ስነሣ የጎረቤት ዶሮ እላዩ ላይ ወጥታበታለች። ምን እንዳሰበች አላህ ይወቅ። ግማሹን በትናዋለች። አሁን ክዳን ያለው ብልቃጥ ነው የምጠቀመው። ያን ቀን የጠፋችው የካርቡራተር ቡሎን እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ በተነሣ ቀን ጋዝ ሳትሰጠው ራሱን እያስጮኸ ከሄደ ቶሎ አጥፋው። ለዓመታት የቆመ ሞተር የክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) መድፈኛ ጎማዎች ይደርቃሉ። በዚያ አየር ይገባል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ችላ ከተባሉ ግን ፒስተን ያስበላሉ። ስለ ቀዩ ቀለም ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ጥያቄ፦ ሞተሬ ኮምቦልቻ ላይ ወርቅ ነው። ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ስደርስ ግን ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይሆናል። መካኒኩ “ካርቡራተሩ ይቀየር” አለኝ። እውነት ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር፣ ገንዘብህን ያዝ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ ማለት ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የደሴ አየር ከባሕር ጠለሉ አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። የድሮ ካርቡራተር ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቤንዚኑን በለመደው ልክ ይቀዳል። ውሃው ቀንሶ ዱቄቱ ያው የሆነ ገንፎ አስብ። ያ ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚንህ ነው።

ግን መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እይ። የታፈነ ማጣሪያ ልክ ይህንኑ ያደርጋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ይደብቀዋል፣ ዳገቱ ላይ ያጋልጠዋል። “አየር እንዲያገኝ” ብለው ማጣሪያውን ጭራሽ አውጥተው የሚጥሉ አሉ። የባቲን አቧራ በቀጥታ ለሲሊንደሩ ማጉረስ ነው። ያን ያደረገ ለአዲስ ፒስተንና ለቀለበቱ (ፋሻ) ከወዲሁ ዕቁብ ይግባ።

ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ ካርቡራተሩን ክፈት። ከጋዙ ሽቦ ጋር ወደ ላይ የምትወጣ ቀጭን መርፌ አለች፤ አናቷ ላይ ደረጃ ደረጃ ያሉ ጭረቶችና አንዲት ትንሽ ማያዣ አሉ። ማያዣዋን አንድ ደረጃ ወደ ላይ ስታደርጋት መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። ይህ ካልበቃ፣ ከታች ሳህኑ ውስጥ መሐሏ የተበሳ ቁጥር የተጻፈባት የነሐስ ቡሎን ታገኛለህ። ቁጥሯ አንድ ደረጃ በሚያንስ ትቀይራታለህ። ካርቡራተር መቀየር የሚባለው ወጪ ይኸው ነው።

ውጤቱን ካንዴላው ላይ ታነበዋለህ። ጥሩ ጉዞ ከሄድክ በኋላ ፍታው። ጫፉ እንደሚቆላ ቡና ነው። ምጣድ ላይ ገና ቡናማ መሆን የጀመረ ቡና ከመሰለ ልክ ነው። ያረረ ቡና ከመሰለ ቤንዚን በዝቷል። ጥሬ ቡና እንደመሰለ ነጣ ብሎ ከወጣ ቤንዚን አንሷል፤ ይህኛው ነው የሚያስፈራው።

ስለዚህ አንተ ኑሮህ ኮምቦልቻ ከሆነ ማስተካከያህ የኮምቦልቻ ይሁን። ደሴ ላይ ትንሽ ማጨሱን ቻለው። ለደሴ ብለህ ቤንዚኑን ቀንሰህ ወደ ኮምቦልቻ፣ ብሎም ወደ ባቲ ቆላ ሙሉ ጋዝ ይዘህ ከወረድክ፣ ሞተሩ አየር ጠግቦ ቤንዚን ይራባል፣ ይግላል። በተለይ ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠልበት) ከሆነ ፒስተኑ መንገድ ላይ ይነክሳል፣ ማለትም ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ደሴ ላይ የታፈነ ሞተር ግን ቢበዛ ካንዴላ ያስጠርግሃል።

ጥያቄ፦ የሞተሬ የቤንዚን ሳልባትዮ (ማጠራቀሚያ) ውስጡ ዝጎ ካርቡራተሩን እየዘጋ አስቸገረኝ። ከፍተው እንዲበይዱልኝ ልውሰደው? (የቴክኒክና ሙያ ተማሪ፣ ከወልድያ)

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም! ቤንዚን የነበረበት ዕቃ ባዶ ሲሆን ነው የሚያስፈራው። የሚፈነዳው እንፋሎቱ ነው፤ ዓመት የቆመ እንኳ አይታመንም።

ዝገቱን አቼቶ ያወጣዋል። የቀረውን ቤንዚን ከቤት ውጭ አራግፊ፣ በኦሞ ደጋግመሽ እጠቢ። የቤንዚኑን መውጫ በቡሽ ድፈኚ። አሮጌ ዳዶዎች (የቡሎን ማጥበቂያዎች) ጨምሪበት፤ ግን ቆጥረሽ። እኔ ሃያ ጨምሬ አሥራ ዘጠኝ አውጥቻለሁ፤ ሃያኛዋ እስክትወጣ ግማሽ ቀን ሳልባትዮዋን እንደ ሕፃን ሳወዛውዝ ዋልኩ። እስከ አንገቱ አቼቶ ሙዪና አንድ ሁለት ቀን ተይው፤ በየመሐሉ ናጪው። ቡናማ ሆኖ ሲወጣ ዳዶዎቹን አውጥተሽ በውሃ አለቅልቂ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠሽ እንደገና እጠቢው፤ የቀረው አሲድ እንዳይበላው።

ከዚህ በኋላ ፍጥነት ነው። እርጥብ የተራቆተ ብረት በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። በፀጉር ቤት ፎን አድርቂው፤ የቤንዚን ሽታው ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን አፍንጫሽን አስገብተሽ ካረጋገጥሽ ብቻ። ወዲያው ትንሽ ዘይት አስገብተሽ ግድግዳውን ሁሉ አዳርሺው። ወደ ካርቡራተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ ትንሽ የቤንዚን ማጣሪያ ጨምሪ።

ጥያቄ፦ የጀርመን ኤምዜድ ገዛሁ። ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ስንት በስንት ልቀላቅል? (ከባቲ)

መልስ፦ ኢቲዜድ የሚባለው ሞዴል ከሆነ አንድ ለሃምሳ። ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር 100። ከፋርማሲ ትልቅ ስሪንጅ ግዛ፤ በቆርኪ መለካት ይቅርብህ። ዘይቱ የቱ ስትሮክ ይሁን፣ የመኪና አይደለም። ዲቲ ያላችሁ ደግሞ ይህ አይመለከታችሁም፤ እሱ ዘይቱን ለብቻው ይዞ በፓምፕ ራሱ ይቀላቅላል። ፓምፑን የፈታ ሰው ብቻ አየሩ ወጥቶ እስኪያምነው ድረስ የመጀመሪያውን ሳልባትዮ ቀላቅሎ ይንዳ።

ጥያቄ፦ አያቴ ጎተራ ውስጥ በጣሊያን ጊዜ የቀረ ነው የሚባል ሞተር አለ። ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተኛ ነው፤ በግራ በኩል የወፍጮ ድንጋይ የሚመስል ትልቅ ብረት ውጭ ላይ ይሽከረከራል። ቆራሌው በኪሎ ልግዛ አለኝ። አጎቴ ደግሞ “ጥቁር ቀብተን ሳሎን እናቁመው” ይላል። ምን ይሻላል? (ከኩታበር)

መልስ፦ ቆራሌውን ቡና አጠጪና ሸኚው። የነገርሽኝ ሁሉ ሞቶ ጉዚን ይመስላል። የተኛ ሲሊንደርና በግራ በኩል የተጋለጠ ትልቅ ተሽከርካሪ ብረት የድሮዎቹ ባለ 500 ሲሲ ጉዚዎች መታወቂያ ነው። ፋብሪካው በ1921 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ በኮሞ ሐይቅ ዳር ተመሠረተ። ሐሳቡን የጠነሰሱት በአንደኛው የዓለም ጦርነት አየር ኃይል ውስጥ የተገናኙ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ፤ አንዱ አብራሪ ሥራው ሳይጀመር በ1919 እ.ኤ.አ. ሞተ። ሳልባትዮው ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር ካገኘሽ ለእሱ መታሰቢያ የተደረገ ነው።

የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ የአያትሽ ወሬ የማይመስል አይደለም። የአጎትሽን ቀለም ግን እቃወማለሁ። እንዲህ ያለ ሞተር የመጀመሪያ ቀለሙ ቢላጥም ሰነዱ እሱ ነው። አንዴ ከተቀባ አይመለስም። አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊ፣ ብረቱን ቀጭን ዘይት ቀቢ፣ ከጎተራው እርጥበት አውጪው። ቁጥሮቹ ያሉበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ እንዳትነኪ፤ ፎቶ አንሺያቸው። አያትሽንም ሞተሩ እንዴት እጃቸው እንደገባ ጠይቂና በስልክሽ ቅጂ። ብረቱ ይቆይልሻል፤ ወሬው ግን ከእሳቸው ጋር ነው።

ጥያቄ፦ ዲቲዬን ሞዲፋይ ላደርገው ነው። ማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) ቆርጬ፣ የሻንሲውን ጭራ አሳጥሬ፣ ወንበሩን በቆዳ አሠርቼ። ሐሳቡ እንዴት ነው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ሰፈርህ ስለሆንኩ በራሴም ጆሮ ጉዳይ ነው የምመልስልህ። ቱ ስትሮክ ላይ ማርሚታ የሞተሩ አካል ነው። ያ ሆዱ ያበጠ ቅርጹ ለጌጥ አልተሠራም። ከሲሊንደሩ ሳይቃጠል አምልጦ የወጣውን ቤንዚንና አየር፣ ተመልሶ የሚመጣው ግፊት ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከቆረጥከው ጩኸት ታተርፋለህ፣ ጉልበት ታጣለህ። የቧንቧ ውሃ ሰፈርን ዳገት እየጮህክ በእግረኛ ትቀደማለህ።

ሻንሲም አትቁረጥ። የእኔ ደንብ፦ የሚፈታውን ቀይር፣ የሚቆረጠውን ተው። መሪ፣ መብራት፣ መስታወት፣ የዕቃ መጫኛ፣ ወንበር እንደልብህ ቀያይር፤ የቀድሞውን ዕቃ ግን አትጣል። ኤልኢዲ ከመግዛትህ በፊት ባትሪውን እይ፤ ብዙዎቹ የድሮ ሞተሮች 6 ቮልት ናቸው፣ ገበያው ላይ ያለው ደግሞ የ12 ነው።

ስለ ቆዳው ግን ካሳለፍኩት ልንገርህ። እኔም አሠርቼ ነበር፣ ጥሩ የበሬ ቆዳ፣ ስፌቱ የሚያስቀና። በጋውን ሁሉ ሰው እያስቆመ ያየልኝ ነበር። ሐምሌ ገባ። የደሴን ሐምሌ ታውቀዋለህ። ቆዳው ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ እርጥብ እንጀራ ለሰለሰ፤ ሱሪዬም ቡናማ ሆኖ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ሲደርቅ ተኮማትሮ ስፌቱን በጠሰው። አሁን የምቀመጠው በፕላስቲክ ቆዳ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረጎን ስወርድ የኋላ ፍሬኔ መሐል ላይ ይከዳኛል። የፍሬን ሸራው አዲስ ነው። ማርሽ ይዤ ብወርድስ? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ አዲስም ቢሆን። እግርህን ጭነህ አትውረድ። ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ይቀዝቅዝ። የፊቱንም አብረህ ተጠቀም፤ ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ይፈራል፣ አብዛኛው የማቆም ጉልበት ግን እሱ ጋ ነው። ማርሽ ይዞ መውረድ ጥሩ ነው፤ ግን ሞተርህ ቱ ስትሮክ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በል። ጋዝ ዘግተህ ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ዘይት በጣም ትንሽ ነው የሚደርሰው። በየመሐሉ ፍሪሲዮን (ክላች) ይዘህ ለአፍታ ጋዝ ስጠው፣ ዘይት ይቅመስ።

አሮጌ ሸራ ከፈታህ ደግሞ አቧራውን በአፍህ “ኡፍ” አትበለው። የድሮ ሸራዎች ብዙዎቹ አስቤስቶስ አለባቸው፤ ለሳንባ ጠንቅ ነው። በውሃ የተነከረ ጨርቅ ይበቃል፤ ጨርቁንም በላስቲክ ጠቅልለህ ጣለው።