የብሪስቶል ከተማ ምክር ቤት ምርጫ፦ ለነዋሪዎች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄዎቹ በእንግሊዟ ከተማ በብሪስቶልና በአካባቢዋ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖች የቀረቡ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄ፦ ብሪስቶል ከንቲባ መምረጥ አቁማለች ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በ2025 ግን ከንቲባ እንድንመርጥ የሚጋብዝ ወረቀት በፖስታ ደረሰን። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ከተማዋ ከ2012 ጀምሮ ከንቲባዋን በቀጥታ ትመርጥ ነበር፤ መጀመሪያ ጆርጅ ፈርጉሰን፣ ከ2016 እስከ 2024 ደግሞ አባታቸው ጃማይካዊ የሆኑት ማርቪን ሪስ በዚህ ሥልጣን አገልግለዋል። በግንቦት 2022 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ግን 59 ከመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ከንቲባው ቀርቶ ሥልጣኑ ለምክር ቤቱ ኮሚቴዎች እንዲሰጥ ወሰነ፤ ለውጡም በግንቦት 2024 ሥራ ላይ ዋለ። በ2025 የተመረጡት ሔለን ጎድዊን የምዕራብ እንግሊዝ ክልል ከንቲባ ናቸው። ክልሉ ከብሪስቶል ሌላ ሁለት አጎራባች ምክር ቤቶችን ያቀፈ ሲሆን ዋና ሥራው ትራንስፖርትንና ትላልቅ የልማት ዕቅዶችን የሚመለከት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አሁን ከተማውን የሚመራው ማን ነው?

መልስ፦ ምክር ቤቱ 70 አባላት አሉት። በግንቦት 2024 ምርጫ አረንጓዴ ፓርቲ 34፣ ሌበር 21፣ ሊበራል ዴሞክራቶች 8፣ ኮንሰርቫቲቮች 7 መቀመጫ አገኙ። ብቻውን ለመወሰን 36 መቀመጫ ስለሚያስፈልግ አረንጓዴዎቹ ሁለት ጎድሏቸዋል። የምክር ቤቱ መሪ የሆኑት የፓርቲው ቶኒ ዳየር ናቸው፤ ሆኖም እንደ ቀድሞው ከንቲባ ብቻቸውን መወሰን አይችሉም፤ የመኖሪያ ቤት፣ የትራንስፖርትና የሌሎች ዘርፎች ውሳኔ የሚሰጠው የተለያዩ ፓርቲዎች አባላት በተቀመጡባቸው ኮሚቴዎች ነው። እንደ እኔ እምነት ይህ አሠራር እንደኛ ላለ አነስተኛ ማኅበረሰብ ይጠቅማል፤ ወደ አንድ ቢሮ ብቻ ከመመልከት ይልቅ የሰፈራችን ተመራጭ በየትኛው ኮሚቴ እንዳለ አውቀን ጉዳያችንን ማቅረብ እንችላለንና።

ጥያቄ፦ ካርዲፍ የሚኖረው ወንድሜ የብሪታንያ ዜግነት ሳይኖረው ድምፅ ሰጥቷል። እኔ የጥገኝነት ፈቃድ ይዤ እዚህ ብዙ ዓመት ኖሬ ለምን አልተፈቀደልኝም?

መልስ፦ ወንድምዎ የመረጠው በሕጉ መሠረት ነው። ካርዲፍ የምትገኝባት ዌልስ በ2021 ባወጣችው ሕግ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ፣ ጥገኝነት ያገኘ ስደተኛም ጭምር፣ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ በአካባቢ ምርጫ ይሳተፋል፤ ስኮትላንድም ከዚያ ቀደም ብላ በ2020 ለውጭ ዜጎች በሩን ከፍታለች። በእንግሊዝ ግን የሚመርጡት 18 ዓመት የሞላቸው የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው ቀድሞ በብሪታንያ ሥር የነበሩ አገሮች ማኅበር) አባል አገሮች ዜጎች እንዲሁም ሕጉ የለያቸው የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ በቅርቡ የመጣ ኬንያዊ ጎረቤትዎ በቪዛው ብቻ ሊመርጥ ሲችል፣ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ባለመሆኗ እርስዎ የምክር ቤት ግብርዎን፣ ማለትም ካውንስል ታክስዎን፣ እየከፈሉ ከውጭ ይቀራሉ። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ምርጫው የቆሻሻ ማንሳትን፣ የቤተ መጻሕፍትን፣ የልጆችን የትምህርት ቤት ምደባና የአረጋውያንን እንክብካቤ የሚመለከት በመሆኑ፣ በከተማው የሚኖርና ወጪውን የሚጋራ ሁሉ ድምፅ ሊኖረው ይገባ ነበር። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ለእርስዎ ያለው መንገድ ዜግነት መውሰድ ነው፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ ውሳኔው እያንዳንዱ ቤተሰብ በጥንቃቄ የሚመዝነው ነው።

ጥያቄ፦ የስዊድን ዜግነት ይዘን የመጣንስ?

መልስ፦ ከ2020 መጨረሻ በፊት ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ ሳያቋርጡ የሚኖሩ ከሆነ መብትዎ እንደተጠበቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመጡት የሚፈቀደው አገራቸው ከብሪታንያ ጋር የተለየ ስምምነት ካላት ብቻ ሲሆን፣ ፖላንድ፣ ስፔንና ፖርቱጋል ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ ስዊድን የለችበትም።

ጥያቄ፦ ድምፅ የሌለው ሰው ተመራጩን ማነጋገር ይችላል? እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ።

መልስ፦ በእርግጥ ይችላል፤ ተመራጩ የሚወክለው የምርጫ ወረዳውን ነዋሪ ሁሉ ነው። የታክሲ ፈቃድ የሚሰጠው ምክር ቤቱ ነው፤ ከኅዳር 2022 ጀምሮ በከተማው መሐል ብዙ ጭስ የሚያወጡ መኪኖችን በየቀኑ የሚያስከፍለው የንጹሕ አየር ቀጠናም በምክር ቤቱ የሚተዳደር ነው። አቤቱታዎን የሚኖሩበትን አድራሻ ጠቅሰው በጽሑፍ ያቅርቡ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ግን የሆም ኦፊስ ሥራ ስለሆነ የፓርላማ ተወካይዎን ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ምርጫ እናቴ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያቸውን ይዘው ሄደው ተመለሱ። የትኛው ነው ተቀባይነት ያለው?

መልስ፦ እናትዎ ያን ሁሉ መንገድ ሄደው መመለሳቸው ያሳዝናል። ከግንቦት 2023 ጀምሮ በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ ድምፅ መስጫ ጣቢያ የሚመጣ ሰው ፎቶ ያለበት መታወቂያ እንዲያሳይ ይጠየቃል። የብሪታንያ ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድና የአረጋውያን የአውቶቡስ ካርድ ተቀባይነት አላቸው፤ ፎቶው መልካቸውን እስካሳየ ድረስ ጊዜው ያለፈበትም ይሠራል። ምንም ከሌላቸው የመራጭነት የምስክር ወረቀት በነጻ ይሰጣቸዋል፤ ማመልከቻው ከምርጫው ስድስት የሥራ ቀን በፊት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት (በእንግሊዝ ሰዓት አቆጣጠር 5 pm) መግባት አለበት። ፊቷን የምትሸፍን እኅትም በተከለለ ቦታ መታወቂያዋን ለማሳየት መጠየቅ ትችላለች።

ጥያቄ፦ በወረቀቱ ላይ ስንት ሰው ላይ ምልክት ላድርግ?

መልስ፦ ከተማዋ በ34 ወረዳዎች የተከፈለች ሲሆን እያንዳንዱ ወረዳ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ተመራጮች አሉት። ቁጥሩ በወረቀቱ ራስጌ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ካሳነሱ ድምፅዎ ይቆጠራል፣ ካበዙ ግን ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ ባዝ የምንኖረውም በዚሁ ምርጫ እንሳተፋለን?

መልስ፦ አይደለም። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩባትና በ1958 ፌርፊልድ ሀውስን ያበረከቱላት ባዝ የተለየ ምክር ቤት አላት፤ መደበኛ ምርጫዋም በ2023 ተደርጎ ቀጣዩ በ2027 ነው።

ጥያቄ፦ የብሪስቶልስ ቀጣይ መቼ ነው?

መልስ፦ መላው ምክር ቤት በአንድ ቀን የሚመረጠው በየአራት ዓመቱ ስለሆነ መደበኛው ጊዜ ግንቦት 2028 ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተመራጭ ከሞተ ወይም ሥራውን ከለቀቀ በዚያ ወረዳ የማሟያ ምርጫ ይደረጋል፤ ጊዜውም አጭር ነው። የምዝገባው መዝጊያ ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት ስለሆነ፣ ቤት የቀየረ ሰው በአዲሱ አድራሻ የሚመዘገበው የምርጫ ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳይጠብቅ፣ ካውንስል ታክሱን ባዛወረበት ሳምንት ቢሆን ይሻላል።